ጥሩምባው በፀሐይ የተነፋበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ስሄድ ዝናብ ያዘኝ። በእግሬ የሄድኩት ታክሲ አጥቼ እንጂ ትዝታ ፍለጋ አልነበረም፤ ትዝታ የሚፈልግ ሰው በሐምሌ ነጠላ ጫማ አድርጎ አይወጣም። አንድ ሕንፃ ሥር ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተጠልዬ ቆምኩ። የቆምኩበት ቦታ የልጅነት ሰፈሬ መሆን አለበት ብዬ ገመትኩ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ቤቶቹ ፈርሰዋል፣ መንገዱ ሰፍቷል፣ ዳር ዳሩን አበባ ተተክሏል። እኛ ቤት የት ጋ እንደነበር ለማወቅ ብሞክር አንድ የማውቀው ግንብ እንኳ አጣሁ። ያልተለወጠው ቁልቁለቱ ብቻ ነው፤ ውሃው በዚያው በድሮው በኩል ይወርዳል።

ከዚያ ሽታው መጣ። መንገዱ ዳር ካለው የፍሳሽ ክዳን ሥር ቡናማ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ወጥቶ አስፋልቱን ሞላው። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ አፍንጫውን በሹራቡ ሸፍኖ «ኧረ ይሄ ነገር አይቻልም በቃ» አለ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን አፍንጫዬን አልሸፈንኩም። የጎርፍ ሽታ ለብዙ ሰው አንድ ነው። አንድ አይደለም። ተራ ጎርፍ ጭቃ ጭቃ ይላል። ተራራ ላይ የጣለ በረዶ ያወረደው ጎርፍ ግን የተቀጠቀጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል፤ ከሽታው ቀጥሎም ብርዱ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ያንን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጋሽ ደምሴ በጠራራ ፀሐይ ጥሩምባ በነፉበት ክረምት።

የምንኖረው ላይ ሰፈር ነበር። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈርን የሚለያቸው አንድ ረጅም የድንጋይ ደረጃ ነው። ታች ሰፈር ወንዙ ዳር ነው። ወንዝ ይባል እንጂ በበጋ የልብስ እጣቢና ፌስታል የሚንፏቀቅበት ቦይ ነበር፤ እኛ ልጆች በአንድ ዝላይ እንሻገረዋለን። ድህነታችን ያው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ላይ ሰፈር መኖር ግን ያኮራን ነበር። አንድ ልጅ ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ከተጣላ የመጨረሻ ስድቡ «እናንተ ውሃ የሚወስዳችሁ» ነው። እኔም ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ጋሽ ደምሴ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። የዕድሩን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት የሚጠብቁትም እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ኮፍያቸውን ያወልቁና ያንን ረጅም፣ አፉ የተጨረማመተ ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ይነፋሉ። ከዚያ የሟቹን ስምና የለቅሶውን ቤት ይናገራሉ። ድምፃቸው ታች ሰፈር ድረስ ይሰማል።

ጋሽ ደምሴ ይንተባተቡ ነበር። ሱቅ ሄደው «ዳ… ዳ…» ሲሉ ባለሱቁ ቸኩሎ አምስት ዳቦ ያቀብላቸዋል፤ ስድስት የፈለጉ ቀንም አምስት ይዘው ይመለሳሉ። ለለቅሶ ሲጠሩ ግን ምላሳቸው ይፈታል፣ አንድም ቃል አይዛቸውም። እናቴ «የለመዱት ነገር ስለሆነ እንደ ዜማ ይወጣላቸዋል» ትል ነበር።

እኔ ግን የሚሞተውን ሰው የሚመርጡት ጋሽ ደምሴ ይመስሉኝ ነበር። ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ደህና ሆኖ ይተኛል፤ ጠዋት እሳቸው ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ሰው ቤት ሲኬድ ሰውየው ሞቶ ይገኛል። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስለዚህ እናቴን እንዳይጠሩብኝ በቀን ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰላም እላቸዋለሁ። እናቴ የጨዋነት ነገር መስሏት በጎረቤት ፊት ትኮራብኝ ነበር።

ያን ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ለእትዬ ብዙነሽ አስረከበችኝ። እትዬ ብዙነሽ የጋሽ ደምሴ ባለቤት ናቸው፤ ቤታችን ከቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። እናቴ ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ተቀጥራ ስለምትውል እኔን የሚያይልኝ ሰው ትፈልጋለች። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ኩላሊታቸው ታሞ ከአልጋ ስለማይወርዱ የሚያያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ የነገረን ስለሌለ ሁለታችንም ራሳችንን ጠባቂ አድርገን ከረምን።

መጀመሪያ ሰሞን ፈርቼ ነበር። ጥሩምባው ከአልጋቸው ራስጌ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። እትዬ ብዙነሽ ግን የሚያስፈራ ነገር አልነበራቸውም። ወፍራም ሳቅ፣ ቀጭን እጅ፣ ሰው መተረብ የሚወድ አፍ ነበራቸው። በጤናቸው ጊዜ የሰፈሩን አራሶች የሚያርሱት፣ ጨቅላ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ፤ እኔንም ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። «አንቺ ያኔም ፊትሽ ኮስተር ያለ ነበር፤ ገላሽን ሳጥብሽ እንደ ዳኛ ነበር የምታዪኝ» ይሉኛል።

ሥራዬ ውሃ ማቀበል፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተራራውን ማየት ነበር። ከበሩ ላይ ቆሜ አሻግሬ ሳይ በሁለት የቆርቆሮ ጣሪያዎች መካከል እንጦጦ ይታየኛል። እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው ጣሪያዎቹን እንጂ ተራራውን አያዩም። ያደጉት እንጦጦ ሥር ስለሆነ ግን ወሬውን ሳይሰሙ አይውሉም።

«ዛሬስ?» ይሉኛል።

«ሰማያዊ ነው።»

«እንግዲያው ልብስ አስጪ።»

በሌላ ቀን «ዛሬስ?» ሲሉኝ «የለም» እላቸዋለሁ። ተራራው የለም ማለት ጭጋግ ውጦታል ማለት ነው። ያን ቀን ያለን ባልዲና ሳፋ ሁሉ ከጣሪያው ቀዳዳዎች ሥር ይደረደራል። አንድ ቀን ለምን ስለ ተራራው እንጂ ከላያችን ስላለው ሰማይ እንደማይጠይቁኝ ብጠይቃቸው «የሚወስደን ውሃ ከላያችን አይደለም የሚመጣው፣ ከዚያ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ በሩ ጠቆሙኝ። ያኔ አልገባኝም። ውሃ ከዚያ ድረስ በእግሩ የሚመጣ መስሎኝ መንገዱን እንዴት ያውቀዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ጨከነብን። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው እርስ በርሱ ለመሰማማት ይጮኻል። ክብሪት እርሶ አልነሳ ይላል፣ የታጠበ ካልሲ ከሰል ላይ ተይዞ ነው የሚደርቀው፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ሥዕል ከነሙጫው ተንሸራቶ ወረደ። በድምፅ ማጉያ የሚለፍፍ ሰው እየመጣ ታች ሰፈር ያላችሁ ለቃችሁ ውጡ ይል ጀመር። መጀመሪያ ቀን ሰምተው ወጡ። ጓዛቸውን አቅፈው ቀኑን ሙሉ ደረጃው ላይ ዝናብ ሲደበድባቸው ዋለ፤ ውሃው ግን አልመጣም። ሲመለሱ የአንዷ ምድጃና የአንዱ ራዲዮ በሌባ ተወስዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለፋፊው ቢመጣም የሚነቃነቅ ጠፋ።

ወንዙ ጫፍ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቤት የራሕመት ነበረች። እናቴ ራሕመት ስለምትላት እኔም እንደዚያው እላታለሁ። አራት ልጆች አሏት፤ ትንሹ ገና ጀርባዋ ላይ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ባለፍኩ ቁጥር አንድ የተሰነጠቀ ቲማቲም ጨው ነስንሳ ትሰጠኛለች። እትዬ ብዙነሽ ራሕመትን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት፤ የወለዱት ልጅ አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። እንዲህ ያለ ፀሐይ ከስንት ቀን በኋላ! ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ልብስ ማጠብ ጀመረ። ከታች የሳሙና ሽታና የሴቶች ሳቅ ይመጣል። ጋሽ ደምሴ ጓሮ ሆነው የዕድሩን ድንኳን ዘርግተው ቀዳዳውን በመርፌ ይጠቅማሉ። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ።

«ዛሬስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ቀና ብዬ አየሁ። «ነጭ ነው» አልኳቸው።

«ጭጋግ ነው?»

«አይደለም። ይታያል። ላዩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ከበላዩ ያለው ሰማይ ደግሞ ጥቁር ነው።»

ያን ያህል ጊዜ አብሬያቸው ስውል እትዬ ብዙነሽ በክንዳቸው ተደግፈው ቀና ሲሉ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። «በረዶ ነው። ብዙ ነው የጣለው። ሩጪ፣ ደምሴን ጥሪው» አሉኝ።

ጠራኋቸው። ጋሽ ደምሴ መርፌውን እንደያዙ ገቡ። እትዬ ብዙነሽ «ተራራው ነጭ ሆኗል። ታች ያሉትን አውጣቸው፣ ጊዜ የለም» አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ወደ በሩ ዞረው ተራራውን አዩ። ከዚያ ጥሩምባውን ከሚስማሩ አንስተው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ታች ደርሰው ሲነፉ ሰው ሁሉ እጁን ከሳሙና እያወጣ ተሰበሰበ። በቀን፣ ያውም በእንዲህ ያለ ፀሐይ ጥሩምባ ሲነፋ ያልተለመደ ስለሆነ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘዋል። «ማን ነው?» ይላል ሁሉም። ጋሽ ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። «ው… ው… ው…» አሉ። አንገታቸው ላይ ጅማታቸው ተገተረ። ራሕመት «ቀስ ይበሉ ጋሽ ደምሴ፣ ቀስ ይበሉ» አለቻቸው።

«ውሃ እየመጣ ነው» አልኩ እኔ። «እትዬ ብዙነሽ ናቸው ያሉት። ተራራው ነጭ ሆኗል።»

አንድ ሰውዬ ወደ ሰማይ አንጋጦ «የቱ ውሃ ነው? ለለፋፊውም ወጥተን ምድጃችንን ነው ያስበላነው» አለ። ከሴቶቹ አንዷ «ሰው የሞተ መስሎኝ ልቤ ወጥቶ ነበር፣ ተመስገን» ብላ ወደ ሳፋዋ ተመለሰች። አንዳንዱ ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም። ፀሐይ ያስደሰተው ሰው ሳቅ ነበር። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ አንዱን በልብሱ ሌላውን በክንዱ እየጎተቱ «ው… ው…» ይላሉ። አንጀቴን በሉኝ። ያኔ የሚሞተውን የሚመርጡ ሰው መሆናቸውን ረስቼ ነበር።

በኋላ ሰውን መጎተት ተዉ። ወደ ወንዙ አዩ፣ ወደ ደረጃው አናት አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥሩምባውን አንስተው እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ነፉና ያ ጠዋት ጠዋት የማውቀው ድምፅ ወጣ።

«የዕድር አባላት በሙሉ፣ ስሙ። የደምሴ ባለቤት፣ ብዙነሽ፣ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። ላይ ሰፈር፣ ደምሴ ቤት፣ ሕፃን አዋቂ ሳይቀር አሁኑኑ ድረሱ።»

ከቤት ስንወጣ እትዬ ብዙነሽ ደህና ነበሩ። አሁን ተጠሩ፤ ስለዚህ አሁን ሞተዋል። ከኋላዬ የራሕመት ጩኸት ሲፈነዳ እግሬ አውጪኝ ብዬ ደረጃውን ወጣሁት። ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። እትዬ ብዙነሽ ትራሳቸውን ተደግፈው በሩን በሩን ያያሉ።

«ማን ሞተ ልጄ?» አሉኝ።

ለትልቅ ሰው መዋሸት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። «እርስዎ» አልኳቸው።

ጥቂት አሰቡ። «መቼ?»

«አሁን። ጋሽ ደምሴ ናቸው የጠሩት።»

«ውሃ መጣ አላላቸውም?»

«ውሃ የሚለው ቃል አልወጣላቸው አለ። እኔም ተናገርኩ፣ ሰዉ ግን ሳቀ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይኸው ሞቱ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ሲገልጡት እየሳቁ ነበር። «አይ ደምሴ፣ ምን ያድርግ። ለሌላ ለማን ብለው ሥራ ፈትተው ይወጡለታል» አሉ። ከዚያ «በይ ያንን ነጩን ሻሼን አቀብዪኝ፣ ሰው ሊመጣ ነው» አሉኝ።

ሰው መጣ። መቼም እንዲያ ያለ አመጣጥ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንኳ ሳያደርጉ፣ ሳሙናው እስከ ክንዳቸው እንደነጣ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ግቢውን ሞሉት። ራሕመት ባዶ እግሯን፣ ትንሹን እንዳዘለች በሩን አልፋ ገብታ እትዬ ብዙነሽን ስታይ ለቅሶዋ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ከኋላ ያሉት ያላዩት ማልቀሳቸውን ቀጠሉ፤ ከፊት ያሉት ዝም አሉ። ጋሽ ደምሴ የቀሩትን ሽማግሌዎች ከኋላ እየነዱ መጨረሻ ላይ ደረሱ።

የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ከተማ ከላይ በኩል ኮታቸውን እየለበሱ መጥተው ነገሩን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «በሕይወት ያለ ሰው ይጠራል? ሟርት መሆኑ ነው ወይስ ጨዋታ? ስጠኝ ይሄን» ብለው ጥሩምባውን ከጋሽ ደምሴ እጅ ነጠቁ። ጋሽ ደምሴ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፉ። ሰውም መናደድ ጀመረ። አንዱ «እሳት ላይ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለ፤ ሌላዋ ልጇን አንጠልጥላ ወደ ደረጃው ዞረች። ራሕመትም ዞረች።

«አልጋዬን ወደ በሩ ሳቡት» አሉ እትዬ ብዙነሽ። ሳቡላቸው። ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ፊታቸው ላይ ፀሐይ አርፎበት ግቢውን በሙሉ ቃኙ። «ወዴት ነው? ሞታለች ብላችሁ መጥታችሁ ደህና ናት ብላችሁ ትሄዳላችሁ? በመዳኔ ይህን ያህል አስቀየምኳችሁ?»

«እትዬ፣ ልብሴን ሳሙና ውስጥ ትቼ ነው የመጣሁት» አለች ራሕመት።

«ልብስሽ የትም አይሄድም። ቁጭ በይ። ደረጃው ላይ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ፤ ምን ነበር ያልሽው? ድገሚልኝ።»

ራሕመት አፈረች። «ተዉኝ እትዬ…»

«እኮ ሌላ ጊዜማ አልሰማውም፤ ድገሚልኝ።»

«ልጆቼን ያጠበችልኝ እናቴ፣ አሁን ማን አለኝ ነው ያልኩት» አለች ራሕመት፣ መሬት መሬት እያየች።

እትዬ ብዙነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። አንቺስ? አንተስ፣ ወንዱ፣ ስትጮህ ነበር እኮ። ለቅሶዬ ላይ ምን እንደተባለ ሳልሰማ አንድ ሰው ከዚህ አይወጣም።» አንዱ ሳቅ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። የታመመች ሴት ቁጭ በሉ እያለች ጥሎ መሄድ ነውር ሆነባቸውና ሊወርዱ የነበሩት ተመልሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እየተሳሳቁ ያሉትን ይደግሙላቸው ጀመር። እሳቸው ሰውን በሳቅ ይዘው ዓይናቸው ግን ተራራውን ይፈልግ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ድምፅ አይደለም፣ ሽታ ነው። በዚያ ፀሐይ መሀል የተቀጠቀጠ ባሕር ዛፍ ሸተተን። ቀጥሎ ብርድ መጣ። ከዚያ ከበድ ያለ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ጉርምርምታ። ሁሉም ወደ ደረጃው አናት ሮጠ፤ እኔም በሰው እግር መሀል ሾልኬ አየሁ። ወንዛችን የለም። በእሱ ቦታ ግንድ፣ በርሜልና ቆርቆሮ የተሸከመ ቡናማ ውሃ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ በረዶው ነጭ ሆኖ ይንሳፈፋል። የራሕመት ቤት ጥቂት ተንገዳገደችና እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለች። ከዚያ አልነበረችም።

ራሕመት ልጆቿን ሰብስባ ራሳቸውን እየዳሰሰች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ትላለች፤ ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች። ሌላውም ቤተሰቡን መቁጠር ጀመረ። ሰው አልጎደለም። አቶ ከተማ ጥሩምባውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጋሽ ደምሴ ሄዱና አስረከቧቸው።

ወዲያው በረዶው እኛም ላይ መውረድ ጀመረ። ሁሉም ወደ ውሃው ሲያይ የእትዬ ብዙነሽ አልጋ በሩ ላይ እንደነበረ ተረሳ። እኔም ረሳኋቸው፤ ጠባቂያቸው እኔ ነበርኩ። አልጋቸውን ወደ ውስጥ ስንመልሰው ሻሻቸው ከራሳቸው ጋር ተጣብቆ፣ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

ለታች ሰፈር ሰዎች የዕድሩ ድንኳን ላይ ሰፈር ተተከለ። ለለቅሶ ብቻ የማውቀው ድንኳን ውስጥ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ሴቶች ሲንጫጩ ማየት ይገርመኝ ነበር። ራሕመትና ልጆቿ እኛ ቤት አደሩ፤ እኔና እናቴ አልጋችንን ለቀቅንላቸው። ውሃው ከጎደለ በኋላ ወንዶቹ ለቀናት ደለል ሲዝቁ ሰነበቱ። መሄጃ የሌለው ሰው የት ይሄዳል፣ ጳጉሜ ሳይገባ አብዛኞቹ ቆርቆሮና ፕላስቲክ አገጣጥመው ወደ ታች ተመለሱ።

እትዬ ብዙነሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳል ጀመሩ። ሰፈሩ ሹክሹክታ ያዘ። ያዳናቸውን ሰው ማማት ከብዷቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በሕይወት ያለን ሰው መጥራት ጥሩ አይደለም» ይባባላሉ። ጋሽ ደምሴም ይህንን የሰሙ ይመስለኛል። በሚስታቸው ፊት ቀና ማለት አቃታቸው፤ ሾርባውን አጠገባቸው አስቀምጠው ይወጣሉ። እኔማ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። የታች ሰፈርን ሰው ከውሃው አስጥለው በምትኩ እትዬ ብዙነሽን ሰጡ ብዬ ደመደምኩ። ጋሽ ደምሴን ሰላም ማለት ተውኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው መታገሥ አልቻልኩም። «እትዬ፣ የሚሞቱት ጋሽ ደምሴ ስለጠሩዎት ነው?» አልኳቸው።

አልደነገጡም። «የምሞተው ኩላሊቴ ስለደከመ ነው። እሱ ምን አደረገ?» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ነይ ልንገርሽ። ደምሴ ሊያጨኝ ሲመጣ አባቴ ‹የምትፈልጋት የትኛዋን ነው?› አለው። አራት ሴቶች ነን። ‹ብ… ብ…› ሲል ቆይቶ በጣቱ ጠቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ‹ስሚ› ነኝ። ስሜ አንድ ቀን ሙሉውን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ከታች ድምፁ ሲመጣ፣ ብዙነሽ ሲል፣ ጥርት አድርጎ… ጆሮዬን አላመንኩትም። ለዚያ ነው ማን ሞተ ብዬ አንቺን የጠየቅሁት።» ፈገግ አሉ። «መሞቴን እንኳ ልብ አላልኩትም።»

«ለጋሽ ደምሴ ነግረዋቸዋል?»

«ነገርኩታ። አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አይታይም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ግን አለቀሰ።»

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ሾርባውን ራሳቸው በማንኪያ ሲያጎርሷቸው አየሁ። እኔም ሰላም ማለቴን ቀጠልኩ፣ በቀን አንዴ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ገና ሳይነጋ ግድግዳው ማዶ ያለው ሳል እንደጠፋ ተሰማኝ። እናቴ ተነስታ ሄደች። እኔ ተኝቼ ሳዳምጥ የጋሽ ደምሴ እግር በበራችን አልፎ ወደ ደረጃው ሲሄድ ሰማሁ። አቶ ከተማ «ሌላ ሰው ይንፋው፣ አንተ ተቀመጥ» ይሏቸዋል። እሳቸው አልተቀመጡም። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጣሁ።

ካፊያ ነበር። ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ ነፉ። «የዕድር አባላት በሙሉ፣ ስሙ» አሉ። «የደምሴ ባለቤት» አሉ። ከዚያ «ብ…» አሉና ያዛቸው። «ብ… ብ…»

ለቅሶ ሲጠሩ ተይዘው አያውቁም። ታች ሰፈር ያለው ሰው በእንቅልፍ ልቡ የሰማው ጥሩምባና የተያዘ ምላስ ነው። እሱን ከዚህ በፊት የሰሙት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ውሃው በመጣ ቀን። ያኔ ስቀው ነበር። አሁን የሳቀ የለም። በሮቹ በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ልጅ የሚታዘለው ታዝሎ፣ የሚጎተተው ተጎትቶ፣ ፍራሽ በራስ፣ ምድጃ በእጅ ሆኖ ሰፈሩ በሙሉ ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ከፊት ራሕመት ናት፣ ፍራሽ ተሸክማ፣ አራቱን ልጆቿን ከፊቷ አድርጋ።

ጋሽ ደምሴ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ውሃ ነው ጋሽ ደምሴ?» አለች ራሕመት እያለከለከች።

ጋሽ ደምሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለም ማለታቸው ነው። እንደገና አፋቸውን ከፈቱ። «ብ… ብ…» ገና ያኔ ነው የገባኝ፤ የሚሞተውን የሚመርጥ ሰው እንዲህ አይሆንም። ከጎኔ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ሰውም ገብቶታል፣ ከፊታቸው ይታያል። ግን ማንም አልጨረሰላቸውም። ያ ሁሉ ሰው ፍራሹን በራሱ፣ ልጁን በጀርባው እንደያዘ ካፊያው ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው። ረጅም ጊዜ ጠበቃቸው።

«ብዙነሽ» አሉ።

ራሕመት ፍራሹን ከራሷ አወረደች። ለቅሶ ቤት የሚቀመጡበትን ፍራሽ ማንም ገና አላነጠፈም ነበር፤ ጋሽ ደምሴን ወደ ቤታቸው መልሳ የራሷን ዘረጋችና እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ የያዙትን ፍራሽ እያመጡ አጠገባቸው አነጠፉ።